ባትሪው ሰኞ ሰኞ ብቻ ለምን ይሞታል?

ኮሮላዬ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አትነሳም ነበር። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ምንም አትልም። ሰኞ ቁልፍ ሳዞር ግን «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ትልና ጸጥ። የሰፈሩ ልጆች ድምፁን ለምደውት ሳልጠራቸው ይወጣሉ። እነሱ ይገፋሉ፣ እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን እለቃለሁ፣ ትነሳለች። አውቶማቲክ ብትሆን ኖሮ ይሄም አይኖርም ነበር፤ አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም።

ባትሪ ቀየርኩ። አንድ ወር ያህል ደህና ከረመና ሰኞ ተመልሶ መጣ። «የከረመ ባትሪ ሸጠውልህ ነው» አሉኝ። አመንኩ፣ ሌላ ገዛሁ። ያው ሰኞ። በሁለት ባትሪ ዋጋ ያልተፈታውን ነገር በአንድ ርካሽ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በአንድ እሁድ ከሰዓት ደረስኩበት። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን የሠራሁት ነው፤ በኋላ የተማርኩትንም ጨምሬበታለሁ።

ሮቶውን አስቡ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ባትሪን ለመረዳት አይቸገርም። ባትሪ ሮቶ ነው። ጠዋት ሮቶው ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ሮቶው ራሱ ተሰንጥቋል፤ ማለትም ባትሪው አርጅቷል። ወይ ውሃው በደንብ አልመጣም፤ ማለትም ዲናሞው በትክክል ቻርጅ አያደርግም። ወይ ደግሞ ሌሊቱን የሆነ ቧንቧ ሲፈስ አድሯል፤ መኪናው ጠፍቶ የሆነ ነገር ባትሪውን እየጠጣው ነው። ብዙ ሰው ሮቶ እየቀየረ የሚኖረው የሚፈሰውን ቧንቧ ሳያይ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። የሚሞተው መቼ ነው? ሁለት ቀን ቆሞ ሲውል ብቻ ከሆነ የሚፈስ ነገር አለ። እየነዳችሁ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ከበራ፣ ወይም ማታ የፊት መብራቱ እየፈዘዘ ከሄደ ዲናሞውን ጠርጥሩ። ባትሪው አራት ዓመት አልፎት በየጠዋቱ «እህ... እህ...» እያለ ከሆነ ምናልባት ዕድሜው ነው። አራተኛም አለ፤ ከቤት ሥራ ቦታ አሥር ደቂቃ፣ ተመልሶ አሥር ደቂቃ፣ ግማሹ መንገድ በትራፊክ የቆመ። ሞተር ማስነሳት የወሰደውን ዲናሞው ሳይመልስ መኪናው ይጠፋል። እንዲህ ያለ መኪና ምንም ብልሽት ሳይኖረው ባትሪው ሁልጊዜ ግማሽ ነው።

መጀመሪያ አይንና እጅ

ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም፤ ቻርጅ የሚሆን ባትሪ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ይሄ ጋዝ ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። አሲድ ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። አይን ከገባ እየታጠባችሁ ወደ ሐኪም ነው።

ባትሪው ላይ የታሰሩትን የሁለቱን ገመዶች መያዣ በእጃችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። ንቅንቅ ካለ ችግራችሁን እዚያው አግኝታችሁት ሊሆን ይችላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከበቀለበትም እንደዚያው። 10 ቁጥር ቁልፍ ይዛችሁ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ፣ ከዚያ ፖዚቲቩን። ስትመልሱ በተቃራኒው፤ ኔጌቲቭ መጨረሻ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኔጌቲቩ እንደታሰረ ፖዚቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ብልጭታው ያስደነግጣችኋል፣ ቁልፉም ሊቀልጥ ይችላል።

ዱቄቱን በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። አረፋ ይወጣል፣ ጥሩ ነው። ኮካ የሚያፈሱበት አሉ፤ ያጸዳል፣ ግን ስኳሩ ተጣብቆ ይቀራል። አድርቁት፣ መያዣውን ውስጡ ብረት እስኪያበራ በአሸዋ ወረቀት ፈትጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡ። ቫዝሊኑ ከታሰረ በኋላ ነው። አንዳንድ መኪና ገመዱ ሲፈታ የቴፑን ኮድ ወይም የመስኮቱን አውቶማቲክ ይረሳል፤ ኮዱን ቀድማችሁ ያዙ።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። ከሳህኖቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከጎደለ የሚጨመረው ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድናቸው ሳህኑን ይጎዳል። «ይቀስቅሰዋል» ብሎ አሲድ የሚጨምር ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና አስቁሙት። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ አይደለም።

ሮቶው ስንት ይዟል?

ቴስተር ያስፈልጋችኋል። ውድ መሆን የለበትም። ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጉት። ቀዩ ጫፍ ፖዚቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ።

የሚለካው መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው፤ ካደረ ደግሞ ይሻላል። ከመንገድ እንደገባችሁ ብትለኩ የውሸት ቁጥር ያሳያችኋል። ከቸኮላችሁ የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ትንሽ ቆይታችሁ ለኩ።

12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት ሩብ ያህል፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። ከ11.9 በታች ባዶ በሉት። 10.5 አካባቢ ተቀምጦ ቻርጅ ቢደረግም አልወጣ ካለ አንዱ ክፍል ሞቷል። ባትሪው ውስጥ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሒሳቡ እዚያ ይደርሳል። እሱ አይድንም።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ ወዲያው አትፍረዱበት። ባዶ የሆነ ባትሪና የተበላሸ ባትሪ አንድ አይደሉም። ቻርጀር ካላችሁ የአምፔሩን አንድ አሥረኛ ያህል ስጡት፤ ለ45 አምፔር ባትሪ 4 ወይም 5፣ ሌሊቱን። ከሌላችሁ ባትሪ የሚሞላ ጎሚስታ ዘንድ ውሰዱት፤ ግን «በአንድ ሰዓት ላድርስልህ» ካለ እምቢ በሉ። በኃይል የተሞላ ባትሪ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሞልታችሁ ገመዱን ፈትታችሁ አሳድሩት። ምንም ሳይነካው ጠዋት 12.3 ላይ ከወረደ ሮቶው ራሱ ተሰንጥቋል።

ቁጥሩ ሙሉ ሆኖም ጉልበት የሌለው ባትሪ አለ። ይሄን ለመያዝ ቴስተሩን ባትሪው ላይ እንዳለ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ቮልቱ ይወርዳል፤ ከ9.6 በታች ካልሄደ ደህና ነው። ወደ 8 ወይም 7 ከወደቀ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቶ ከመጠን በላይ የሚስብበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በጤነኛ የጎረቤት ባትሪ አንዴ ሞክራችሁ ከዚያ ፍረዱ።

ሙቀት ባትሪ ይገድላል፣ ብርድ ደግሞ የሞተውን ያጋልጣል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ የሚውል መኪና ባትሪው አዲስ አበባ ካለው ቀድሞ ያረጃል። በሐምሌ ጠዋት አላስነሳ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ የተጎዳው በመጋቢት ፀሐይ ነው።

ውሃው እየመጣ ነው?

ሞተሩን አስነሱና ባትሪው ላይ እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው። የፊት መብራት፣ ማራገቢያና ቴፕ ክፈቱ፣ ነዳጅ ትንሽ ስጡት፤ አሁንም ከ13.5 በላይ መቆየት አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ቻርጅ የለም። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን እያፈላው ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጨርስ ባትሪ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። አዳዲስ ሞዴሎች ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ራሳቸው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ በእነሱ ላይ ለአንድ ቁጥር አትቸኩሉ።

ዲናሞው ጥሩ ካልሰጠ ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ። ላልቶ ወይም ዘይት ነክቶት ይንሸራተታል፣ በተለይ ጠዋት ሲነሳ «ጢይይ» ይላል። ከዚያ ገመዱ። ሞተሩ እየሠራ ከዲናሞው ወፍራም ገመድ ጫፍ እስከ ባትሪው ፖዚቲቭ ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭም እንደዚያው። ከበለጠ ዲናሞው ሰጥቶ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ገመድና መያዣ አጽዱ። ስንት ሰው ነው ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ዲናሞ ገዝቶ የዛገ ገመድ ላይ የሚያስረው!

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው» የሚል ባለሙያ አሁንም አለ። በድሮ ላንድሮቨር ምናልባት ይሠራ ነበር። አሁን ባለው መኪና ባትሪው ድንገት ሲነሳ ቮልቱ ወደ ላይ ይዘልና ኮምፒውተሩን ወይም የዲናሞውን ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) ያቃጥላል። ገመዱን ሲይዝ ካያችሁት እጁን ያዙት። ቴስተር በአሥር ሰከንድ የሚነግረውን ነገር ነው በኮምፒውተር ቁማር የሚጫወተው።

የእኔ ኮሮላ እዚህ ድረስ ፈተናዋን አለፈች። እረፍት ላይ 12.5፣ ሞተሪኖ ሲዞር 10.4፣ ዲናሞ 14.2። ባትሪው ጤነኛ፣ ቻርጁ ጤነኛ። የቀረው ቧንቧው ነው።

ሌሊት የሚጠጣው ማነው?

ይሄ ክፍል ትዕግሥት ይፈልጋል። ቁልፉን ነቅላችሁ በሮቹን ዝጉ፣ ኮፈኑ ክፍት ይሁን። የፊውዝ ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ከሆነና በር መክፈት ግድ ካላችሁ፣ በሩ ላይ ያለውን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍታችሁ እንደተዘጋ አስመስሉት፤ መኪናው ይታለላል። ስትጨርሱ በእጀታው መልሱት፤ ካልሆነ በሩን ስትዘጉ ይጋጫል።

አሁን የቴስተሩን ቀይ ገመድ ነቅላችሁ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዙሩ፣ መደወያውንም ዲሲ 10 አምፔር ላይ። ኔጌቲቩን ገመድ ከባትሪው ፍቱ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በተፈታው ገመድ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ወደ መኪናው የሚሄደው ሁሉ አሁን በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ የፊት መብራትም እንዳታበሩ። የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። አንድ አቃጥያለሁ፣ ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። አትደንግጡ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች ነቅተው ነው። አሮጌ መኪና በደቂቃዎች ይተኛል፤ አዲሱ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ቡና ጠጡ። ከተኛ በኋላ እስከ 0.05 አምፔር ያለው ጤነኛ ነው፤ ሰዓቱና አላርሙ ይህችን ይወስዳሉ።

የእኔ 0.42 ላይ ቆመ። አምስት ዋት አምፖል ሌሊትና ቀን እንደማብራት ነው። አስሉት፤ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 36 ሰዓት፣ በ0.42 ሲባዛ 15 አምፔር ሰዓት። 45 አምፔር ከሆነች ባትሪ ሲሦዋ ሄደ ማለት ነው፤ እሷም በትራፊክ የዋለች ስለሆነች ቅዳሜም ሙሉ አልነበረችም። በሥራ ቀን ማታ ገብቼ ጠዋት ስለምወጣ ይችለዋል። እሁድ መኪናው ከግቢ ስለማይወጣ ሰኞ ላይ ያልቅበታል።

ከዚያ ፊውዞቹን በስልክ ፎቶ አንሱና አንድ በአንድ ንቀሉ። ነቅላችሁ ቁጥሩን እዩ፣ ካልተለወጠ መልሱ፣ ቀጥሉ። ዳሽቦርድ፣ ምንም። መስኮት፣ ምንም። ቴፕ የሚለውን ስነቅል 0.42 የነበረው 0.03 ሆነ። እንዲህ ያለ ደስታ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ቴፑን ከዳሽቦርዱ አወጣሁት። ከኋላው ቀዩና ቢጫው ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በጥቁር ፕላስተር ታስረዋል። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ ሰዓትና ሜሞሪ ይጠብቃል። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ኃይል ማግኘት ያለበት። የገጠመው ሰው አሳጥሮት ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ቴፑ ውስጥ ውስጡን ነቅቶ ያድራል። ቀዩን ከሲጋራ መለኮሻው መስመር ላይ በፊውዝ አሰርኩት፤ የእኔ መኪና መለኮሻ ቁልፍ ሲወጣ ይጠፋል፣ የእናንተ ላይጠፋ ስለሚችል ለኩት። አለቀ።

ሁሉም ሰው ቴፕ አይደለም የሚሆንበት። በኋላ የተገጠመ ነገር ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የመንገድ ካሜራ፣ የኋላ ካሜራ። የራይድ ሥራ ላይ ያላችሁ እነዚህን አስቀድሙ። ቀጥሎ የፖርቶ ባጋሊዮ መብራት ነው። ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉ፤ ከፍታችሁ ስታዩት መብራቱ መጥፋት አለመጥፋቱን ይነግራችኋል። የጓንት ሳጥኑንም እንደዚያው።

ሁሉንም ፊውዝ ነቅላችሁ ቁጥሩ ካልወረደ ወደ ዲናሞው ተመለሱ። ጠዋት፣ መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ዲናሞውን በእጃችሁ ንኩት። እሱ ብቻ ለብ ካለ ዳዮዱ አፍስሷል፤ ቀን ቻርጅ እያደረገ ሌሊት ራሱ ይጠጣዋል። ይሄንን ለአውቶ ኤሌትሪክ ባለሙያ ስጡ። «ዳዮዱን እይልኝ» ብላችሁ ግቡ፣ «ባትሪ አስቸገረኝ» አትበሉ።

ስትጨርሱ የቴስተሩን ቀይ ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ። አምፔር ላይ እንዳለ ቮልት ልለካ ካላችሁ ባትሪውን በቀጥታ አገናኛችሁት ማለት ነው። ሁለተኛው ፊውዝ እንዲህ ነው የሄደብኝ።

እስከዚያው ከጎረቤት ባትሪ

ቀይ ገመድ መጀመሪያ በሞተው ፖዚቲቭ፣ ከዚያ በጤነኛው ፖዚቲቭ። ጥቁሩ በጤነኛው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ። ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ ነው። ጤነኛውን አስነስታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሞክሩ። ሲነሳ በመጣበት ቅደም ተከተል ወደኋላ ንቀሉ። ውሃው በረዶ የሆነበት፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ላይ ይሄን አታድርጉ። ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ላላችሁ ነው በረዶውን ያነሳሁት።

ተነሳ ብላችሁ ግን አትመኑት። ባዶ ባትሪ በግማሽ ሰዓት መንዳት አይሞላም፣ ዲናሞውም ለዚህ አልተሠራም። ማታ ቻርጀር ላይ አሳድሩት።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አላመለጣችሁም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በዝታችኋል፤ እናንተም ጋ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይነቃም። የእረፍት ቮልቱን እንደዚሁ ለኩ፣ በኋላ የተገጠመውን ጠርጥሩ። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን አትንኩ፤ እነሱ ይገድላሉ።

በእርግጥ ባትሪው ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ፖዚቲቩ በግራ ነው በቀኝ፣ ተርሚናሉ ቀጭን ነው ወፍራም፣ አምፔሩ ስንት ነው፤ አንዱ ከተሳሳተ አይገባም። የተመረተበትን ቀን እዩ፤ ከስድስት ወር በላይ መደርደሪያ ላይ የቆየ አትውሰዱ። ቴስተራችሁን ኪሳችሁ ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ለኩት። ሻጩ ፊቱን ቢያኮሳትርም ከ12.4 በታች ከሆነ መልሱለት።

ቴፑን ባስተካከልኩበት ሳምንት ቅዳሜ ማታ 12.6 ለካሁ። ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ከማዞሬ በፊት ኮፈን ከፍቼ ደግሜ ለካሁ፤ 12.5። አንዴ ነካሁት፣ ተነሳች። ልጆቹ በር ላይ ደርሰው ቆመዋል። ትንሹ «ጋሼ፣ ዛሬ አንገፋም?» አለኝ፣ ቅር ብሎት።